ከሱቁ በፊት ፕላኑን፦ ከውጭ ሆነው በአዲስ አበባ የንግድ ቤት ለሚገዙ

ቪዲዮው ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም። የአክስት ልጅ ወይም የአብሮ አደግ ወንድም ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ ከመስታወት በሩ ይጀምራል፤ ሴራሚኩን፣ አምፖሎቹን፣ የብረት መዝጊያውን፣ ከጀርባ ያለችውን ጠባብ መጋዘን ተራ በተራ ያሳያል። በመጨረሻ ወደ ደጅ ብቅ ብሎ መንገዱን አንድ ጊዜ ይቃኛል። «ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ቦታ ሁለተኛ አይገኝም፤ እስከ ነገ ካልወሰኑ ሌላ ሰው ይወስደዋል» ይላል። እኛም ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ዱባይ ወይም ፍራንክፈርት በምሳ ዕረፍታችን ላይ ሆነን ቪዲዮውን ደጋግመን እናያለን፤ ከዚያም ያጠራቀምነውን መቁጠር እንጀምራለን።

በዚያ ቪዲዮ ውስጥ የማይታይ ነገር አለ። ሱቁ ከአምስት ዓመት በኋላ ስንት እንደሚያወጣ፣ ተከራይ ይኑረው አይኑረው፣ ጨርሶ በቦታው ይቁም አይቁም በአብዛኛው የሚወስነው የከተማው ፕላን ነው፤ ፕላን ደግሞ በስልክ ካሜራ አይነሳም።

እኔ ይህን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። ከሁለት ዘመዶቼ ጋር ሆነን ሰው በሚበዛበት መንገድ ዳር አንድ ጂ ፕላስ ሦስት፣ ማለትም ከምድር ወለሉ በላይ ሦስት ፎቅ ያለው፣ ሕንፃ ገዛን። ካርታው ንጹሕ ነበር፤ ዕዳም እግድም አልነበረበትም። ዋጋው ቢከብደንም ያሳመነን የቤዝመንቱ ኪራይ ነበር፦ ሰባት ትንንሽ ሱቆች፣ ሰባቱም ተከራይ ያላቸው፣ ልብስና የስልክ ዕቃ የሚሸጥባቸው። ሁለት ዓመት ያህል ደህና ሄድን። ከዚያ ቤዝመንቱ በተፈቀደለት አገልግሎት መሠረት ወደ መኪና ማቆሚያነት እንዲመለስ ትእዛዝ መጣ። የሕንፃውን የግንባታ ፈቃድ ሥዕል ለመጀመሪያ ጊዜ ያየነው ያን ዕለት ነው፤ ከመሬት በታች ባለው ወለል ላይ «የመኪና ማቆሚያ» ተብሎ በግልጽ ተጽፏል። ሻጩ አልዋሸንም። ደላላውም አልዋሸንም። ያልጠየቅናቸውን አልነገሩንም፣ ይኸው ነው። ከወር ኪራያችን ሲሶው በአንድ ደብዳቤ ሄደ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ አጭር ነው፦ ካርታ ብቻ አይጠይቁ። ካርታ የሚነግርዎት መሬቱ በማን ስም እንደተያዘ ነው። በሕንፃው ውስጥ የትኛው ወለል ለምን እንደተፈቀደ የሚናገሩት የጸደቀው የግንባታ ሥዕልና የመጠቀሚያ ፈቃዱ ናቸው። የሕንፃ ሕጉ ሕንፃ በተፈቀደለት አገልግሎት እንዲውል ያስገድዳል፤ አገልግሎት መቀየር የሚፈልግም ፈቃድ መጠየቅ አለበት። በቤዝመንት፣ በደረጃ ሥር፣ በሕንፃው ጓሮ፣ በአጥርና በሕንፃ መካከል በቆርቆሮ ተከልሎ የተከፈተ ሱቅ ሁሉ ተከራይ ስላለው ብቻ ሕጋዊ ነው ብለው እንዳያስቡ።

ፕላን ማለት በክፍለ ከተማ መሳቢያ ውስጥ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ወረቀት ለሚመስለው ሰው መርካቶን አስታውሰዋለሁ። ጣሊያን አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት የከተማዋ ትልቁ ገበያ አራዳ ነበር፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ። ከ1928 ዓ.ም. በኋላ የወራሪው መንግሥት ፕላን አውጪዎች የነጩንና የአገሬውን ሰው መኖሪያ ለመለየት ሲሉ የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፉት፤ እሱ መርካቶ ሆነ። አራዳ ደግሞ ፒያሳ ተባለ። ሁለቱም ስሞች የጣሊያንኛ መሆናቸው በአጋጣሚ አይደለም። ዘረኛ ዓላማ የነበረው አንድ የእርሳስ መስመር የከተማዋን የንግድ ማዕከል አንስቶ ሌላ ቦታ ተከለው፤ ፋሺስቱ በአምስት ዓመት ሲባረር ገበያው ግን እዚያው ቀረ።

ሁለተኛው ትልቅ ምት ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ወደ መንግሥት ሲዞር በፒያሳ፣ በመርካቶና በሌሎች ነባር ሰፈሮች ያሉ ብዙ ሱቆች የቀበሌ ወይም የኪራይ ቤቶች ሆኑ። ዛሬም «ሱቅ ይሸጣል» ከሚባለው ውስጥ ከፊሉ የሚሸጥ ሱቅ ሳይሆን የተከራይነት ቦታ ነው። ተከራዩ የመንግሥትን ቤት ሊሸጥልዎት አይችልም፤ ሊያደርግ የሚችለው እርስዎ ገንዘብ ከፍለው እሱ ሲወጣ እርስዎ እንዲገቡ መሞከር ብቻ ነው፤ ሁለታችሁም ውሉን በፍርድ ቤት ፊት ለማሳየት የምትደፍሩ አይመስለኝም። ሻጩን «በእጅዎ ያለው የይዞታ ማረጋገጫ ነው ወይስ የኪራይ ውል?» ብሎ መጠየቅ እንደ ስድብ የሚቆጠር ከሆነ፣ ይሰደብ።

ሦስተኛውን ምሳሌ ብዙዎቻችሁ ለዕረፍት አገር ቤት ስትሄዱ በዓይናችሁ አይታችሁታል። ቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ሲጀምር በሐዲዱ ዳር ያሉ ባለ ሱቆች ገበያ እንደሚጎርፍላቸው ጠብቀው ነበር። በብዙ ቦታ ግን ሐዲዱ መንገዱን ለሁለት ከፈለው። ከማዶ ያለውን ዳቦ ቤት የሚያየው ሰው ለመሻገር ሩቅ መዞር ሆነበት። ሱቁ አልተነካም፣ ግድግዳው አልተሰነጠቀም፣ ካርታውም አልተቀየረም። ደንበኛው ግን ተመናመነ። በአንጻሩ ጣቢያ አጠገብና ድልድይ ሥር የዋለ ሱቅ ዕድሉ ሌላ ነው። በካርታ ላይ 200 ሜትር የሚራራቁ ሁለት ሱቆች በኪራይ እጥፍ የሚለያዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ፕላኑን እንዴት ያነቡታል? የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ሁለት ዋና ዋና ደረጃዎችን ያስቀምጣል። አንደኛው መዋቅራዊ ፕላን ነው፤ የከተማውን የቦታ አጠቃቀም፣ ዋና ዋና መንገዶችንና ማዕከላትን ይወስናል፣ ዘመኑም አሥር ዓመት ነው። ሁለተኛው የአካባቢ ልማት ፕላን ነው፤ ወርዶ በአንድ ሰፈር ውስጥ የትኛው ብሎክ ምን ከፍታ እንደሚኖረው፣ የውስጥ መንገዱ በየት እንደሚያልፍ ይዘረዝራል። የአዲስ አበባ የአሁኑ መዋቅራዊ ፕላን ከ2009 እስከ 2019 ዓ.ም. የተዘጋጀ ነው። ይህን ቀን ልብ ይበሉ። ለሃያ ዓመት አስበው የሚገዙት ሱቅ የተገዛው ዘመኑ ወደ ማለቁ በተቃረበ ፕላን ላይ ከሆነ፣ ዛሬ «ቅይጥ» (መኖሪያና ንግድ የተቀላቀለበት) ወይም «ንግድ» ተብሎ የተቀባው ቦታ በሚቀጥለው ሥዕል ላይ መናፈሻ ወይም መንገድ ሊሆን ይችላል። ተቃራኒውም ይሆናል፤ ዛሬ መኖሪያ የተባለው ነገ የገበያ ማዕከል የሚሆንበት አጋጣሚ አለ። ብልጥ ገዢዎች የሚያተርፉት ከዚሁ ነው፣ ግን ይህ ቁማር እንጂ ቁጠባ አይደለም። ልጅ የሚያስተምሩበትን ገንዘብ አያስይዙበት።

ወኪልዎ ወደ ክፍለ ከተማው ሲሄድ ባዶ እጁን አይሂድ። ከዲጂታል ካርታው ላይ የቦታውን የማዕዘን ነጥቦች ቁጥር ይዞ ይሂድና የሚጠይቀውን ጽፎ ይጠይቅ፦ ይዞታው በመዋቅራዊ ፕላኑ ላይ ለምን አገልግሎት ነው የተመደበው? መንገድ ይነካዋል ወይ፣ ከነካውስ ስንት ሜትር ይገባል? የአካባቢ ልማት ፕላን ተሠርቶለታል ወይ? የመልሶ ማልማት ክልል፣ ማለትም ፈርሶ እንደ አዲስ የሚሠራ ሰፈር፣ ውስጥ ነው ወይ? ሕንፃው ሲሠራ የፕላን ስምምነትና የግንባታ ፈቃድ ነበረው ወይ? «መንገድ ይነካዋል» የምትለዋን ሐረግ አቅልለው አይዩአት። 30 ሜትር ሊሆን የታቀደ መንገድ ዛሬ 15 ሜትር ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ ልዩነቱ ከሁለቱም ወገን ካሉት ሱቆች ፊት ለፊት ይወሰዳል። ሱቅ ደግሞ ዋጋው ያለው ከፊቱ ነው። መልሱ በቃል ሲሆን «ችግር የለውም» ይባላል፤ በጽሑፍ ሲጠየቅ ነው ሰውየው መነጽሩን የሚፈልገው። በጽሑፍ ያልተሰጠ መልስ እንዳልተሰጠ ይቁጠሩት።

ከፕላን ሕጎች ውስጥ የሱቅ ገበያውን በዝግታ የሚጎዳ አንድ አለ፣ ብዙም አይወራለትም። በዋና ዋና መንገዶች ዳር ከተወሰነ የፎቅ ብዛት ያነሰ ሕንፃ መሥራት አይፈቀድም። ዓላማው መሬት ሳይባክን ከተማው ወደ ላይ እንዲያድግ ነው፤ ተቃውሞ የለኝም። ውጤቱ ግን ይታያል፦ ሁሉም አልሚ ምድር ወለሉንና አንደኛ ፎቁን ሱቅ፣ ከዚያ በላይ ያለውን «ሱቅ ወይም ቢሮ» ብሎ ይሠራል። ምድር ወለል ላይ ተከራይ ይሻማል፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በመስታወቱ ላይ «የሚከራይ» የሚል ወረቀት ፀሐይ እያነጣው ይከርማል። ከውጭ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀርብለት ያ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ በካሬ ርካሽ ስለሆነ። የኮንዶሚኒየም የንግድ ቤቶች ሌላ መልክ አላቸው። እነዚህ ከመኖሪያዎቹ ተለይተው በጨረታ የተሸጡ ናቸው፤ ዳቦና ሳሙና የሚገዛ ነዋሪ ከላያቸው ስለሚኖር ተከራይ አያጡም። ግን በጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995 የሚተዳደሩ ስለሆኑ ግድግዳ አፍርሶ ሁለቱን አንድ ማድረግ ወይም ወደ በረንዳው ማስፋት በራስ ፈቃድ የሚሆን አይደለም።

አሁን ወደ ኮሪደር ልማቱ፣ ዋና ዋና መንገዶችንና ዳርቻቸውን እንደ አዲስ ወደሚሠራው የከተማው ዘመቻ። በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ፒያሳን፣ አራት ኪሎን፣ ቦሌን፣ መገናኛን፣ ሜክሲኮን፣ ቀጥሎም ካዛንቺስን የቀየረው ይህ ሥራ ስለ ሱቅ የምናውቀውን ሁሉ እንደገና እንድናሰላ አስገድዶናል። ደጋፊም ተቃዋሚም ሆነው ሊያዩት ይችላሉ፤ ገዢ ሆነው ሲያዩት ግን የሚጠቅመው ማን ምን ሆነ የሚለው ነው። የእግረኛ መንገዱ ሰፋ፤ ካፌ፣ አይስክሬም ቤት፣ መጻሕፍት መደብር ያለው ሰው ደስ ይለዋል። የመንገድ ዳር መኪና ማቆም ቀረ፤ የሕንፃ መሣሪያ፣ ጎማ፣ የቤት ዕቃ የሚሸጠው ሰው ደንበኛው ሲሚንቶ የሚጭንበት አጣ። ባለቤቶች የሕንፃቸውን ገጽታ በተሰጠው መስፈርት እንዲያድሱ ታዘዙ። በኮሪደሩ ዳር ያሉ ንግድ ቤቶች እስከ ምሽቱ 3:30 ክፍት እንዲሆኑም ተደነገገ፤ ይህ ለምግብ ቤት በረከት ነው፣ ለጽሕፈት መሣሪያ መደብር የአንድ ሠራተኛ ተጨማሪ ደመወዝ። ስለዚህ «ኮሪደር ላይ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ዋጋ አይጨምርም። ተከራይዎ የሚነግደው ምንድን ነው?

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚረሳው የነዋሪው መነሳት ነው። ካዛንቺስ ፈርሶ ነዋሪው እንደ ገላን ጉራ ወዳሉ አካባቢዎች ሲሄድ ጉሊቱን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ የሰፈር ሱቁን ይመግብ የነበረው ኪስ አብሮ ሄዷል። ሳይፈርስ የተረፈ ሱቅ ዕድለኛ ይመስላል፤ ደንበኛው ግን ከከተማው ዳር ነው ያለው፣ አዲሱ ሕንፃ ተሠርቶ ሰው እስኪገባበት ዓመታት አሉ። በዚያው ልክ ሰው በሄደበት አዲስ ሰፈር ሱቅ ይጎድላል። ዘመዶቼ ስለ አትላስና ስለ ቦሌ ሲጠይቁኝ እኔ ስለ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየሞች ምድር ወለል እመልሳለሁ፤ አይወዱልኝም፣ ለፎቶ አያምርምና።

የመፍረስን አደጋ በቁጥር ማሰብ ይቻላል፣ ማሰብም ያስፈልጋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ለሕዝብ ጥቅም ሲነሱ ካሳ የሚከፈልዎት በመሬቱ ላይ ላፈሩት ንብረት ነው። ዝርዝሩን አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይዞታል፣ ኋላም ተሻሽሏል። እንግዲህ ለሒሳቡ ያህል አንድ ሱቅ 12 ሚሊዮን ብር ተጠየቀበት እንበል። ያንኑ የሚያህል ክፍል በዚያው ጥራት ዛሬ ለመሥራት 3 ሚሊዮን ብር ይበቃል እንበል። ቀሪው 9 ሚሊዮን የምንድን ነው? የቦታው ነው፤ የማዕዘኑ፣ የታክሲ ተራው፣ የሰው ግርግሩ። ቢፈርስ የካሳ ገማቹ የሚቆጥረው ብረቱን፣ ብሎኬቱንና ሴራሚኩን ነው፤ ግርግሩን አይቆጥርም። አዋጁ የሚሰጣቸው ምትክ ቦታና ድጋፎች ቢኖሩም ምትኩ የቀድሞው ማዕዘን አይሆንም። ስለዚህ በሚከፍሉት ዋጋና በግንባታ ወጪው መካከል ያለው ልዩነት ያለ ዋስትና የቆመ ገንዘብዎ ነው። ልዩነቱ ሰፊ ሲሆን ፕላኑን የማጣራቱ ሥራም በዚያው ልክ ይጥበቅ።

ሊዝም፣ ማለትም መሬትን ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ መያዝ፣ የራሱ ሰዓት አለው። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 በአዲስ አበባ ለንግድ የሚሰጥ መሬት ዘመኑ 60 ዓመት፣ በሌሎች ከተሞች 70 ዓመት ነው። ዘመኑ የሚቆጠረው እርስዎ ከገዙበት ቀን ሳይሆን የመጀመሪያው ውል ከተፈረመበት ነው፤ ያልተከፈለ የሊዝ ዕዳም ካለ ቀሪው ክፍያ ይከተልዎታል። ሻጩ «ነባር ይዞታ ነው፣ ሊዝ የለበትም» ሲልዎት ደስታዎን ቀነስ ያድርጉ፦ ነባር ይዞታ፣ ማለትም ከሊዝ ሥርዓት ውጭ ቀድሞ የተያዘ ቦታ፣ በውርስ ካልሆነ በቀር ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ሥርዓት ይገባል። ከመፈረምዎ በፊት ክፍያው በወጪ ሠንጠረዥዎ ውስጥ ይግባ።

ስለ ሰነዶች አጭር ልሁን። ሌላ ዜግነት የወሰዱ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ) ካላቸው በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የማይንቀሳቀስ ንብረት ማፍራት ይችላሉ፤ ካርዱ ዘመኑ ካለፈ ግዢውን ከመጀመርዎ በፊት ያድሱት። ውክልና በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ይሰጣል፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ከዚያ ውልና ማስረጃ ይገባል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2204 ጠቅላላ ውክልና የሚያስችለው የአስተዳደር ሥራ ብቻ እንደሆነ ይናገራል፤ ለመሸጥ፣ ለማስያዝ፣ ገንዘብ ለማፍሰስ በቁጥር 2205 የተመለከተው ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። እኔ ሁለት ለየብቻ እሰጣለሁ፦ ለአንዱ ሰው መረጃ የማውጣትና ኪራይ የመሰብሰብ፣ ለሌላው አንድን የተወሰነ ቤት የመግዛት። የመሸጥ ሥልጣን ለማንም አልሰጥም፤ መሸጥ ካለብኝ አውሮፕላን እሳፈራለሁ። ወንድምዎን ስለማያምኑት አይደለም። ወንድምዎን የሚያስጨንቁት ሰዎች ስላሉ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። ዶላር ይዞ ለሚገዛው ሱቁ የረከሰ መስሏል፤ በብር ኪራይ ለሚሰበስበው ግን ገቢው ወደ ዶላር ሲቀየር ቀልጧል። የአምስት ዓመት ኪራይ በቋሚ ዋጋ አይዋዋሉ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 የሚመለከተው መኖሪያ ቤትን ነው፤ በንግድ ቤት ላይ የሚጠብቅዎት የራስዎ ውል ነው። በዚያው ዓመት የችርቻሮና የጅምላ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶች ተከፍቷል፤ እነሱ የሚፈልጉት ሰፊ ወለልና በቂ መኪና ማቆሚያ ስለሆነ የ20 ካሬ ሱቅ ባለቤት ከዚህ ብዙ አይጠብቅ፣ ይልቅ አጠገቡ ትልቅ ሱፐርማርኬት ቢከፈት ተከራዩ ይቋቋም እንደሆነ ያስብ። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅም በየዓመቱ የሚወጣ ወጪ ነው፤ የሰፈሩ ዋጋ ሲጨምር ታክሱም አብሮ ያድጋል።

ባለፈው ዓመት እንደተለመደው ሌላ ቪዲዮ መጣልኝ። ማዕዘን ላይ ያለ ሱቅ፣ ምድር ወለል፣ ዋጋውም የሚቀመስ። የአክስቴን ልጅ «ውስጡን ተወው፤ ውጣና ከፊት ለፊት ያለውን አጥር አሳየኝ» አልኩት። አሳየኝ። በጎረቤቱ አጥር ላይ በቀለም የተጻፈ ቁጥር ነበር። «ይህ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «እኔ እንጃ ጋሼ፣ የቆየ ነገር ነው መሰለኝ።» እዚያው በረንዳ ላይ ጀበና ዘርግታ ቡና የምትሸጥ ሴት ነበረችና ስልኩን እንዲሰጣት ለመንኩት። ቀያሾች ከፋሲካ በኋላ ሁለት ጊዜ እንደመጡ፣ መሣሪያቸውን ከሱቁ ደጅ እንደተከሉ፣ ቡናም እንደጠጡ ነገረችኝ። በጽሑፍ ስንጠይቅ መልሱ ሦስት ሳምንት ወሰደ፤ እስኪመጣ ድረስ ሱቁን ሌላ ሰው ገዛው። መልሱ «የአካባቢ ልማት ፕላኑ በዝግጅት ላይ ነው» የሚል ነበር። ሱቁ እስከ ዛሬ ቆሟል፣ ኪራዩም ጥሩ ነው ይላሉ። የአክስቴ ልጅ በየበዓሉ ሲደውል ያነሳብኛል።